«መላጣ» ስንል የትኛውን ማለታችን ነው?

ጎጃም ውስጥ በአንድ ቀበሌ ሙሉ የሚባሉ ሦስት ሰዎች ካሉ አንዱ ረጅሙ፣ አንዱ ቀዩ፣ ሌላው መላጣው መባሉ አይቀርም። ስሙ አንዴ ከወጣ በኋላ ባለቤቱ ኮፍያ ቢያጠልቅ፣ ጋቢ ቢከናነብ፣ ጥምጥም ቢጠመጥም የሚፍቀው የለም። በሌለበት ሲጠራበት ማንም ክፋት አያስብም። ፊት ለፊት ሲባል ግን ነገሩ ይለወጣል። ታናሽ ታላቁን «አንተ መላጣ» ካለው ስድብ ነው፤ እኩያ ለእኩያ ሲባባሉት ደግሞ እንደ ድምፁ ቅላፄና እንደተጠጣው ጠላ መጠን ይተረጎማል። በልጅነቱ ኤልሳዕን «አንተ መላጣ፣ ውጣ» ብለው ስላፌዙትና ሁለት ድቦች ስለሰባበሯቸው 42 ልጆች የሰማ ሰው፣ ቃሉን ሽማግሌ ፊት ለማውጣት ትንሽ ያመነታል።

ለዚህም ነው ቋንቋው ለዘብ ያሉ መተኪያዎች ያበጀው። የጠፋ ሰው ሲፈለግ ወይም ለፖሊስ ቃል ሲሰጥ «ቁመቱ መካከለኛ፣ ራሰ በራ» ይባላል። ገና ለጀመረው «ገባ ገባ ብሏል» ወይም «ፀጉሩ ሸሽቷል» ይባላል፤ ጥፋቱ የፀጉሩ እንጂ የሰውየው አይደለም። ለትልቅ ሰው ከሆነ «ግንባርዎ ሰፋ፣ አያ» ብሎ በፈገግታ ማለፍ ይቻላል።

መላጣ መሆንና መላጨትም ለየቅል ናቸው። መላጣ የሚባለው ፀጉሩ የተመለጠ፣ ሳይወድ ያጣ ነው። የተላጨ ሰው ግን በምላጭ ያስወገደው ነው፤ ተመልሶ ይበቅልለታል። ቁንጮ የተተወለት ሕፃን፣ አናቷን ተላጭታ ዙሪያውን ያስቀረች የቀድሞ ዘመን ሳዱላ፣ ለሐዘን ፀጉሯን የተላጨች ሴት፣ ማናቸውም መላጣ አይባሉም። እግረ መንገዴን ልበልና ሕፃንን ደጋግሞ መላጨት ፀጉሩን አያወፍረውም። ምላጭ የሚቆርጠው ከቆዳው በላይ ያለውን ብቻ ነው፤ ጫፉ ደነዝ ሆኖ ስለሚወጣ ወፍራም ይመስላል እንጂ ሥሩ ምንም አልሰማም።

«በራ» ደግሞ ለቅኔ አገር የተፈጠረ ቃል ነው። ዋሸራን፣ ጎንጅንና ዲማን ባፈራ ምድር «ራሱ» እና «በራ» ጎን ለጎን ተቀምጠው ዝም መባላቸው ይከብዳል። «መብራቱ ቢጠፋ፣ ራሱ በራ» ቢባል፣ አንዱ ጆሮ ማንም ሳይነካው መብራቱ ተመልሶ እንደመጣ ይሰማል፤ ሌላው የሰውየውን አናት ያያል። ባለሙያው ይህ ሰምና ወርቅ ሳይሆን ኅብር ነው፣ ሁለቱ ፍቺ በአንድ ቃል ታቅፏል ብሎ ያርማል፤ እውነትም ነው።

ችግሩ የሚመጣው ይህ ሁሉ ጨዋታ አልፎ ሰው ወደ ፋርማሲ ሲሄድ ነው። «መላጣ እየሆንኩ ነው» የሚለው አንድ ዓረፍተ ነገር ቢያንስ አምስት የተለያዩ ነገሮችን ይሸፍናል። አንዱ በሽታ አይደለም። አንዱ ራሱ ይድናል። አንዱ ከልጅ ወደ ልጅ ይጋባል። አንዱ ከፀጉር አሠራር የመጣ ነው። አንዱ ደግሞ ከዘገየ ፈጽሞ አይመለስም። ሁሉም ግን በአንድ ቃል ስለሚጠሩ በአንድ ቅባት ይታከማሉ፤ ቅባቱም ለአንዳቸውም ላይሆን ይችላል።

ከሁሉ በፊት መታየት ያለበት ፀጉሩ ሳይሆን ፀጉሩ የነበረበት ቆዳ ነው። ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 13 ከቁጥር 40 ጀምሮ ከአናቱ የተመለጠውንና ከግንባሩ የተመለጠውን ይለይና ሁለቱንም ንጹሕ ናቸው ይላል። በተመለጠው ቦታ ላይ ነጭ ሆኖ ወደ ቀይ የሚያደላ ቁስል ከታየ ግን ካህኑ ይመርምረው ይላል። ዛሬም የቆዳ ሐኪም የሚጀምረው ከዚሁ ነው፦ ቆዳው ጤነኛ ነው ወይስ አይደለም? ልስልስ ብሎ፣ የፀጉሩ ቀዳዳዎች እየታዩ፣ ሳይልጥና ሳያቆስል የተገለጠ ራስ አንድ ነገር ነው። ቅርፊት ያለው፣ መግል የቋጠረ፣ ፀጉሩ ከሥሩ የተሰባበረ ራስ ሌላ ነው። ቀዳዳዎቹ ጠፍተው እንደ ጠባሳ የሚያብለጨልጭ ደግሞ ሦስተኛ ነው፤ እዚያ ቦታ ላይ ሥሩ ስለሞተ ፀጉሩን ማስመለስ አይቻልም፣ የሚቻለው የቀረውን ማዳን ነው። ከራስ ይልቅ ቅንድብ እየሳሳ ከሄደ፣ በተለይ ሰውነት ላይ ስሜት የሌለው ደብዘዝ ያለ ምልክት አብሮ ካለ፣ ሥጋ ደዌ ሊሆን ስለሚችል ሳይውሉ ሳያድሩ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። መድኃኒቱ በነፃ ይሰጣል፤ በጊዜ ከተጀመረም ጣትም ዓይንም ይተርፋል።

ንጹሕ ከተባለው እንጀምር። ከመላጣዎች መካከል አብዛኛዎቹ ወንዶች በዘር የወረሱት ናቸው። ራሳችን ላይ ወደ 100 ሺህ የሚጠጉ የፀጉር ሥሮች አሉ። እያንዳንዱ ከ2 እስከ 6 ዓመት ያበቅላል፣ ጥቂት ሳምንት ያቆማል፣ ሦስት ወር ገደማ ያርፍና አሮጌውን ጥሎ እንደገና ይጀምራል። በቀን ከ50 እስከ 100 ፀጉር ማበጠሪያ ላይ መቅረቱ የዚሁ ዙር አካል ስለሆነ ማንንም ሊያስደነግጥ አይገባም። በዘር በራ የሚሆን ሰው ላይ ግን የወንድ ሆርሞን የሆነው ቴስቶስቴሮን ዲኤችቲ ወደሚባል ብርቱ ቅርፅ ይለወጥና ለእርሱ የሚሸነፉትን ሥሮች በየዙሩ ያቀጭጫቸዋል። ሳያርፍ በየዓመቱ እንደተዘራ ማሳ፣ የመጀመሪያው ዙር ወፍራም፣ ቀጣዩ ቀጭን፣ ከዚያ የሕፃን ጸጉር የመሰለ ስስ ፀጉር ይወጣል። ሥሩ ወዲያው አይሞትም፤ ያንሳል። የጎንና የኋላ ፀጉር ለዚህ ሆርሞን ስለማይበገር ነው እንደ ቀለበት ዙሪያውን የሚቀረው።

በነገሩ ላይ ወንድነት እጁ እንዳለበት የጥንት ግሪኮች ጠርጥረው ነበር፤ ከጉርምስና በፊት የተሰለቡ ጃንደረቦች መላጣ እንደማይሆኑ አስተውለዋል። በ1942 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም በዚያው ናቸው) ጄምስ ሃሚልተን የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ነገሩን በጥናት አረጋገጠ፦ ሆርሞኑ ከሌለ መላጣነቱም የለም፣ ሆርሞኑ ሲሰጥ ግን በዘሩ ያለበት ሰው ይመለጣል። ስለዚህ ራሰ በራ ወንድ ከሌላው የበለጠ ሆርሞን አለው የሚለው የመጠጥ ቤት ወሬ አያስኬድም፤ ልዩነቱ በሥሮቹ ተሸናፊነት ነው። ወሬው የተፈጠረው በመላጣዎች መሆኑን እጠረጥራለሁ፤ አልፈርድባቸውም።

«በእናቱ ወንድሞች ወጣ» የሚለው ግማሽ እውነት አለው። ለወንድ ሆርሞን ምላሽ የሚሰጠው ዋናው ዘረ መል የሚገኘው ወንድ ልጅ ከእናቱ ብቻ በሚወርሰው ኤክስ ክሮሞሶም ላይ ነው። ነገር ግን ሌሎች ብዙ ዘረ መሎች ከሁለቱም ወገን ይጨመራሉ፤ አጎቱ ባለ ጎፈሬ ሆኖ ሳለ በአባቱ የወጣም ሞልቷል። ቆብና ጥምጥም ፀጉር ያሳጣል የሚለው ደግሞ ከነጭራሹ መሠረት የለውም። የፀጉር ሥር የሚኖረው በደም እንጂ በነፋስ አይደለም፤ ቄሶች መላጣ ሲሆኑ የሚታዩት ጥምጥሙ ስላደረሰባቸው ሳይሆን ፀጉር በሚሸሽበት ዕድሜ ላይ ስለሆኑ ነው። እንዲያውም እንደ ጮቄ ሥር ባለ ደጋ የፀሐይ ጨረሩ ስለሚበረታ፣ ቀኑን ሙሉ እርሻ ላይ ለሚውል መላጣ ባርኔጣ ባለውለታው ነው።

ለዚህ ዓይነቱ መላጣነት የሚሠሩ መድኃኒቶች ጥቂት ናቸው። ሚኖክሲዲል መጀመሪያ የደም ግፊት መድኃኒት ነበር፤ የዋጡት ሰዎች ያልጠበቁት ቦታ ፀጉር ሲያበቅሉ ተስተዋለና ወደሚቀባ ፈሳሽ ተለወጠ፣ በአሜሪካም በ1988 ለወንዶች መላጣነት ተፈቀደ። ፊናስተራይድ ቴስቶስቴሮን ወደ ዲኤችቲ እንዳይለወጥ የሚከለክል ክኒን ሲሆን በ1997 ለመላጣነት ተፈቅዷል፤ የወሲብ ፍላጎትን ሊቀንስ ይችላል፣ ነፍሰ ጡር ሴት ደግሞ የተሰበረውን ክኒን በእጇ እንኳ መንካት የለባትም። ሁለቱም ውጤታቸው የሚታወቀው ከወራት በኋላ ነው፤ ሚኖክሲዲል በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጭራሽ ፀጉር ሊያረግፍ ስለሚችል ብዙ ሰው «አባሰብኝ» ብሎ ይጥለዋል። ሁለቱም ያቆሙት ዕለት ያስገኙትን ይዘው መሄድ ይጀምራሉ። ሐቀኛ ፋርማሲስት ይህን ሳይናገር ብልቃጡን አይሸጥም። ቅቤ፣ የጉሎ ዘይት፣ ሬት፣ ጥቁር አዝሙድ ያለውን ፀጉር ያለሰልሳሉ፤ የቀጨጨ ሥር ግን አያነቁም። ኢስታንቡል ሄዶ የሚሠራው ንቅለ ተከላም ከኋላ ያለውን የማይበገር ሥር ወደ ፊት ማዛወር እንጂ አዲስ ፀጉር መፍጠር አይደለም፤ ከኋላ የሌለው ወደ ፊት የሚያመጣው የለውም።

ላሽ ሌላ ነገር ነው። ትናንት ሙሉ የነበረ ጢም ወይም ራስ ላይ ሳንቲም የምታህል ክብ፣ ልጥጥ ያለች፣ የማታምም፣ የማታሳክክ ባዶ ቦታ ድንገት ትወጣለች። ስሙ ከመላስ የመጣ ይመስላል፤ በሌሊት አንዳች ነገር ልሶት የሄደ ነው የሚያስመስለው፤ ብዙ ሰውም ነፍሳት ነው ይላል። ነፍሳት አይደለም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። የገዛ ሰውነታችን ተከላካይ ኃይል የፀጉሩን ሥር ጠላት መስሎት ሲወጋው ነው። ጠጋ ብሎ ላየ በክቡ ዳር ላይ ከሥራቸው የቀጠኑ፣ ወደ ጫፋቸው የወፈሩ አጫጭር ፀጉሮች ይታያሉ፤ አንዳንድ ጊዜ ጥፍርም ላይ በመርፌ የተወጋ የሚመስል ጉድጓድ ይኖራል። ሥሩ አልሞተም፤ ቦታው ትንሽ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ዓመት ውስጥ ራሱ ይመለሳል፣ መጀመሪያ ነጭ ሆኖ ቀጥሎ ይጠቁራል። ነጭ ሽንኩርት እስኪያቃጥል ፈትጎ ያሸነፈ ሰው ሁሉ የሚመሰክረው ይህንን ራሱ የሚመለሰውን ፀጉር ሊሆን ይችላል፤ ቆዳውን ያቃጠለው ደግሞ በላሹ ላይ ቁስል ጨምሮ ይመጣል። ሐኪም በቦታው ላይ ስቴሮይድ የሚባል ቁጣ አብራጅ መድኃኒት በመርፌ ይሰጣል። ሙሉ ራስን፣ ቅንድብን፣ ሽፋሽፍትን ከወሰደ ግን ነገሩ ይከብዳል፤ ለዚያ ባሪሲቲኒብ የሚባል ክኒን በ2022 በአሜሪካ የተፈቀደ ቢሆንም ዋጋው ለአብዛኛው ሰው የሚቀመስ አይደለም።

ሴቶች ላይ «መላጣ» የሚለው ቃል ከባድ ስለሆነ ብዙዎቹ ነገሩን በሻሽ ይዘው ዓመታት ያልፋሉ። ወልዳ ሦስት ወር የሞላት እናት ፀጉሯ በእፍኝ ሲወልቅ ትደነግጣለች፤ ታይፎይድ ወይም ሌላ ብርቱ ትኩሳት የጣለው ሰውም ከሁለት ሦስት ወር በኋላ ያው ይገጥመዋል። ሰውነት በጭንቅ ጊዜ ብዙ ሥሮችን በአንድ ላይ ወደ ዕረፍት ስለሚልክ ነው፤ ምንም ሳይቀቡት ይመለሳል። የሚሳሳው መላው ራስ ከሆነና ድካም ካለ የደም ማነስ መመርመር ይገባል፤ ብርድ የማይቻላትና አንገቷ ላይ እንቅርት ያለባት ሴት ደግሞ የእንቅርት ዕጢዋን ሆርሞን ብትመረመር ከማንኛውም ቅባት ይቀድማል።

ከአሠራር የሚመጣው ግን በእጃችን ነው። ግንባርና ጆሮ ግንድ ዳር ያለው ፀጉር ቀጭን ነው። ሹሩባ እዚያ ላይ ተጨብጦ ሲጎነጎን፣ ዓይን ወደ ላይ እስኪስብ ሲወጠር፣ ያውም በየሁለት ሳምንቱ፣ ሥሩ እየተነቀለ ይሄዳል። ሠሪዋ ጨርሳ እጇን ስታነሳ ዳር ዳሩ ላይ ትናንሽ ነጫጭ ሽፍታዎች ካሉ፣ ሲነካም ካመመ፣ ጠብቋል ማለት ነው። «ጠበቅ ሲል ይቆያል» የሚባለው እውነት ነው፤ ሹሩባው ይቆያል፣ ግንባሩ ይሸሻል። በዚህ ጊዜ ከላላ ፀጉሩ ይመለሳል፤ ለዓመታት ከቀጠለ ቦታው ጠባሳ ይሆንና ማንም አይመልሰውም። በኬሚካል የተተኮሰ ፀጉር ላይ ሲጠብቅ ጉዳቱ ይፈጥናል።

አሁን ወደ ቆረቆር። ከሁሉም ይልቅ ቶሎ መታየት ያለበት ይኸው ነው፤ በጎጃም ከተማና ገጠር ልጅ ባለበት ቤት ሁሉ ቢያንስ በወሬ የማይታወቅ አይደለም። ቆረቆር ፈንገስ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ በብዛት የሚገኘው ትሪኮፋይተን ቫዮላሲየም የሚባለው ዓይነት ሲሆን የሚኖረው በፀጉሩ ዘንግ ውስጥ ነው። ለዚህ ነው አንዳንድ ልጅ ላይ ፀጉሩ ከቆዳው እኩል ተሰብሮ ጥቁር ነጠብጣብ መስሎ የሚቀረው። ሌላው ላይ ሽበት የመሰለ ቅርፊት ይሆንና «ፎረፎር ነው» ተብሎ ይታለፋል። ጉርምስና ያልደረሰ ልጅ ላይ ቅርፊትና የሳሳ ፀጉር አብረው ከታዩ ግን ፎረፎር ከማለት በፊት ቆረቆርን ማሰብ ይሻላል። የጉርምስና ወዝ ፈንገሱን ስለሚከላከል አዋቂ ላይ ብዙ አይታይም፤ ስለዚህ «ሲያድግ ይተወዋል» የሚለው አነጋገር ተፈጠረ። አንዳንዱን እውነትም ይተወዋል። ግን እስኪተወው ድረስ ለታናናሾቹ ያድላል፤ አንዳንዱም ላይ ራሱ አብጦ፣ እንደ እባጭ ለስልሶ፣ መግል አዝሎ ይወጣል። ይህን እባጭ በምላጭ መክፈት አይገባም፤ ውስጡ የሚወጣ ነገር ሳይሆን ሰውነት ከፈንገሱ ጋር የሚዋጋበት ቁጣ ነው፤ በጊዜ ካልታከመ ግን የሚተወው ጠባሳ ዕድሜ ልክ መላጣ ያደርጋል። በልጅነታቸው ቆረቆር ይዟቸው ዛሬ ራሳቸው ላይ እዚህም እዚያም ባዶ ቦታ ያለባቸው ሰዎች በዘር የተመለጡ አይደሉም፤ ያልታከሙ ናቸው።

የሚተላለፈው በማበጠሪያ፣ በኮፍያ፣ በትራስ፣ አብሮ በመተኛትና በቶንዶስ ነው። ደበሎ ለብሰው በአንድ ጎጆ ተጨናንቀው የሚያድሩ የቆሎ ተማሪዎች፣ በአንድ መደብ ላይ አራት ሆነው የሚተኙ ወንድማማቾች፣ በበዓል ዋዜማ በአንድ ወንበር ላይ እየተፈራረቁ የሚቆረጡ የሰፈር ልጆች ሁሉ በዚህ መንገድ ይጋሩታል። ፀጉር ቤት ገብቶ ቶንዶሱን አንድ ጊዜ ማየት ይበቃል፦ በጥርሶቹ መካከል ያለፈው ሰው ፀጉር ካለ፣ ያለፈው ሰው ቅርፊትም አለ። በአልኮል የራሰ ጥጥ ማለፉ ጥሩ ነው፣ ግን መጀመሪያ በብሩሽ ፀጉሩ ካልተጠረገ አልኮሉ ሥር አይደርስም። ምላጭማ ለሁለት ሰው ፈጽሞ መዋል የለበትም፤ እርሱ ከቆረቆር አልፎ የጉበት ቫይረስና ኤችአይቪ ያስተላልፋል።

ሕክምናው ላይ ነው ብዙ ገንዘብ የሚባክነው። ፈንገሱ በፀጉሩ ዘንግ ውስጥ ስለተቀመጠ የሚቀባ ነገር ብቻውን አይደርስበትም። ሰውነት ላይ ለሚወጣ ጭርት የሚሠራው ቅባት ለራስ የማይሠራው ለዚህ ነው። ቅቤ ቅርፊቱን ያለሰልሰዋል፣ ይደብቀዋልም፤ ፈንገሱን አይገድለውም። ስቴሮይድ ያለበት ቅባት ደግሞ ማሳከኩን ለጥቂት ቀን ያስታግስና ፈንገሱን ያለ ከልካይ ያስፋፋዋል። ቆረቆር የሚድነው በሚዋጥ መድኃኒት ነው፤ ግሪሴዮፉልቪን ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 8 ሳምንት፣ ወይም ቴርቢናፊን በጤና ባለሙያ ትእዛዝና በልጁ ክብደት ልክ። ግሪሴዮፉልቪን ስብ ካለው ምግብ ጋር ሲወሰድ ይበልጥ ወደ ደም ይገባል፤ ቅቤውን ከልጁ አናት ላይ አንሥቶ ሽሮው ላይ ማድረግ ያኔ ነው የሚጠቅመው። በሦስተኛው ሳምንት ፀጉሩ ሲያቆጠቁጥ አይቶ መድኃኒቱን ማቋረጥ የተለመደ ነው፤ ተመልሶ የሚመጣውም በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው። ኬቶኮናዞል ያለበት ሻምፑ ቅርፊቱ ወደ ሌላ እንዳይዛመት ያግዛል፤ እርሱን ምልክት የሌለባቸው ወንድሞችና እህቶችም ቢታጠቡበት መልካም ነው። ጠበል የሚሄድ ይሂድ፤ ክኒኑ ከጠበሉ ጋር አይጣላም፣ ፎጣው ግን የየራስ ይሁን።

ትምህርት ቤትን በተመለከተ፣ ልጁ ሻሹን ወይም ኮፍያውን በክፍል ፊት እንዲያወልቅ ማድረግ የሚያመጣው ነገር ቢኖር «ቆረቆራም» የሚል ቅጽል ነው፤ መላጣው ተብሎ ከሚጠራው አዋቂ ይልቅ ይህን ስም የሚሸከመው ልጅ ከትምህርት ቤት ይቀራል። ሕክምና የጀመረ ልጅ ከክፍል መባረር አያስፈልገውም። መምህሩ ማድረግ የሚችለው ከክፍል ውጭ ወላጁን ጠርቶ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጋ መላክ፣ ኮፍያ መዋዋስን ማስቀረት፣ አጠገቡ የሚቀመጡትን ልጆች ራስ በዘዴ ማስፈተሽ ነው። ቅርፊት ካላቸው እነርሱም አብረው ይጀምሩ፤ አንዱ ድኖ ሌላው ሳይታከም ከቀረ በቀጣዩ ወር ተራው ይዞርና ከመጀመሪያው ልጅ እንደገና ይጀመራል።